ከአይኤፍሲ ወደ ቢኦኪው፦ በቴስት 97 ከመቶ ያመጣው ሞዴል አዲስ ሕንፃ ላይ ለምን 61 ሆነ?

ቱምቢ

ሰላም ቤቶች። መጀመሪያ ቃሉ ላይ እንስማማ። በፊደላችን «ቢም» ብዬ ከጻፍኩ ግማሹ ሰው የሚያስበው ኮለን (ምሰሶ) ላይ የሚያርፈውን ቢም ነው። ስለዚህ የሕንፃውን ዲጂታል ሞዴል «ቢአይኤም» እለዋለሁ፤ ቢም ስል የአርማታውን ማለቴ ነው። አይኤፍሲ ቢአይኤም ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር የሚሻገርበት የፋይል ዓይነት ነው፤ ቢኦኪው ደግሞ የሥራ መጠን ዝርዝር።

ሥራው የኮተም (ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) ማስተርስ መመረቂያ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባለው መሃል ከተማ የተነደፉ 11 ሕንፃዎች የሬቪት (የቢአይኤም ሶፍትዌር) ሞዴል አለኝ፤ ከጂ+5 እስከ 2ቢ+ጂ+12 (ሁለት ምድር ቤት ያለው)፣ ከ4 አማካሪ ቢሮዎች የመጡ። ሁሉም ወደ አይኤፍሲ 2ኤክስ3 ወጥተው 14,000 ገደማ ኤለመንት ሆነዋል። ዓላማው እያንዳንዱ ኤለመንት የትኛው የቢኦኪው መስመር ውስጥ እንደሚገባ በራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎች ድምፅ የሚሰጡበት የማሽን ለርኒንግ ዘዴ) መለየት ነው። ፊቸሮቹ (ለመለየት የሚያያቸው መረጃዎች)፦ የፋሚሊ ስም (ሬቪት ላይ ለኤለመንቱ ዓይነት የተሰጠ ስም)፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ቮልዩም፣ የማዕከሉ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ። ዳታውን በዕጣ 80/20 (80 ለማሠልጠኛ ወይም ትሬኒንግ፣ 20 ለመፈተኛ ወይም ቴስት) ከፍዬ 97 ከመቶ አገኘሁ። በኋላ የመጣ 12ኛ ሕንፃ ላይ ስሞክረው ግን 61 ሆነ። የዛፎቹን ቁጥር ከ100 ወደ 500 ባሳድገውም ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ክፍል የሥራ ሂደት ክትትል ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ እየተሠራ ያለ ጂ+9 አለ፤ በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስቼ፣ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹን በአርቲኬ ጂፒኤስ (በሴንቲሜትር ደረጃ የሚለካ) በዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር የካርታ ኮኦርዲኔት) አስለክቼ ፖይንት ክላውድ (የሕንፃውን ገጽ የሚያሳይ የነጥቦች ክምችት) ሠራሁ። ቢአይኤሙ ላይ ሳሳርፈው ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ጠፍጣፋ መሆን ያለበት የኮለን ፊት እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታያል፤ በሰሜን-ደቡብ በኩል በ6 ሴሜ፣ በምሥራቅ-ምዕራብ በ3 ሴሜ ገደማ ይዘላል። ሁለተኛ፣ ሕንፃው 48 ሜትር ይረዝማል፤ አንዱን ጫፍ ሳስተካክል ሌላው ጫፍ ወደ 4 ሴሜ ይስታል።

ውሃልክ

ቱምቢ፣ እውነተኛው ቁጥር 61ዱ ነው። 97ቱን ከወረቀቱ አውጪው።

ምክንያቱን በአንድ ኮለን እንየው። አንድ ጂ+9 ላይ ያለ «ሲ3» ኮለን በየፎቁ ይደገማል፤ ያው ፋሚሊ፣ ያው 40 በ40፣ ያው ኤክስና ዋይ። በዕጣ 80/20 ስትከፍዪ ከአሥሩ ስምንቱ ትሬኒንግ ውስጥ፣ ሁለቱ ቴስት ውስጥ ይወድቃሉ። ራንደም ፎረስቱ ኮለን ምን እንደሆነ አልተማረም፤ «ኤክስ እዚህ፣ ዋይ እዚያ ከሆነ ይሄ ነው» ብሎ ሸመደደ። የሸመደደ ተማሪ ያው ፈተና ሲደገም ይደፍናል፣ ጥያቄው ሲቀየር ይወድቃል። ዛፍ ብትጨምሪበት ደግሞ ያንኑ መልስ ያረጋጋል እንጂ ሌላ አይመጣም።

14,000 የሚለው ቁጥርም አያታልልሽ። በስታቲስቲክስ ዓይን ያለሽ 11 ሕንፃ ነው፤ ጠበቅ አድርገን ካየነው 4 ቢሮ። አንድ ቢሮ ያንኑ ቴምፕሌት በሁሉም ሥራው ላይ ስለሚጠቀም የፋሚሊ ስሞቹ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ኤክስ፣ ዋይና ዜድን ሙሉ በሙሉ አውጪ። ከፍታ ከፈለግሽ ኤለመንቱ ካለበት ወለል በላይ ስንት እንደሆነ ብቻ ይግባ። ቁመት ለስፋት፣ ቮልዩም ለገጽ ስፋት ያሉ ጥምርታዎችን ጨምሪ፤ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሻገሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ግሩፕ ኬ ፎልድ ተጠቀሚ፤ መጀመሪያ በሕንፃ (11 ዙር፣ በየዙሩ አንድ ሕንፃ ውጭ)፣ ቀጥሎ በቢሮ (4 ዙር)። አማካይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ዙር ውጤት ጻፊ። ከ11ዱ ዘጠኙ 80 ሆነው ሁለቱ 40 ከሆኑ ጥናቱ ያለው እነዚያ ሁለቱ ላይ ነው።

መለኪያውም ማክሮ ኤፍ1 (ለእያንዳንዱ ክላስ እኩል ክብደት የሚሰጥ) ይሁን። አብዛኛው ዳታሽ ግድግዳና ኮለን ከሆነ ደረጃውንና የምድር ቤቱን የአፈር መከላከያ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ቢስት እንኳ ጠቅላላው መቶኛ ያምራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፋይሉን ራሱን እዪው። አይኤፍሲ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። «ቢልዲንግ ኤለመንት ፕሮክሲ» የሚለውን ክፍል ፈልገሽ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቁጠሪ። ሬቪት ላይ ጄኔሪክ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ሁሉ እዚያ ይጣላል፤ ሊንተል፣ ፓራፔት፣ አንዳንዴ ደረጃው ጭምር። በ2ኤክስ3 ደግሞ ግድግዳ ሁለት ስም አለው፤ «ዎል ስታንዳርድ ኬዝ» እና «ዎል»። ፕሮፋይሉ የተነካካ ግድግዳ ወደ ሁለተኛው ሊሄድ ይችላል። አንድ አድርጊያቸው።

እና ቤዝላይን (ማወዳደሪያ መነሻ) ሥሪ፦ «ክላሱ ግድግዳ፣ ማቴሪያሉ ብሎኬት፣ ውፍረቱ 20 ከሆነ የ20 ብሎኬት ግንብ» የሚሉ ከ30 እስከ 40 ደንቦች። ማሽን ለርኒንጉ ከዚህ ካልበለጠ ገምጋሚው የሚጠይቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሶሌታ

የውሃልክን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የጥያቄው አቀማመጥ ራሱ ችግር አለበት። «አንድ ኤለመንት፣ አንድ የቢኦኪው መስመር» የሚባል ነገር የለም። አንድ የአርማታ ኮለን ሦስት መስመር ነው፦ ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ፣ ፎርምወርክ በሜትር ካሬ፣ ፌሮ በኪሎ። ግድግዳ ደግሞ ግንቡ አለ፣ ልስኑ በሁለት ፊት፣ ቀለሙ። ሞዴሉ አንድ መልስ ብቻ እንዲሰጥ ካስገደድሽው አስተካክሎም ተሳስቷል ይባላል። መልቲ ሌብል አድርጊው።

ቀጥሎ መጠኑ። ክላሱን በትክክል ለይቶ መጠኑን ከቢአይኤሙ እንዳለ ከወሰድሽ ሌላ ገደል አለ። ምሳሌ፦ ኮለን 40 በ40፣ ከወለል ወለል 3.20 ሜትር፣ ቢሙ ሶሌታውን (የወለሉን አርማታ) ጨምሮ 50 ሴሜ ጥልቀት። በአራቱም በኩል ቢም የሚገባበት የመሃል ኮለን ይሁን። ቤዝ ኳንቲቲው (ሶፍትዌሩ ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው መጠን) ውስጥ ያለው የውጭ ገጽ ስፋት 4 × 0.40 × 3.20 = 5.12 ሜትር ካሬ ይላል። ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት) የሚሠራ ሰው ግን ፎርምወርኩን እስከ ቢሙ ታችኛ ፊት ብቻ ነው የሚለካው፦ 4 × 0.40 × 2.70 = 4.32። በአንድ ኮለን 0.80 ልዩነት፤ እንዲህ ያለ ኮለን በፎቁ 24 ካለ 19.2 ሜትር ካሬ ባዶ ፎርምወርክ ተከፈለ ማለት ነው።

ኮንክሪቱም እንዲሁ ነው። ቢሙና ሶሌታው ሬቪት ላይ ጆይን ካልተደረጉ መደራረቢያቸው ሁለቴ ይቆጠራል። 25 ሴሜ ስፋት ያለው ቢም፣ 15 ሴሜ ሶሌታ፣ 5 ሜትር ርዝመት፦ 0.25 × 0.15 × 5 = 0.1875 ሜትር ኪዩብ። እንዲህ ያለ 40 ቢም ያለው ፎቅ ላይ 7.5 ሜትር ኪዩብ ከምንም ተነስቶ ይወለዳል። ይህን ስህተት እንደ «ትክክለኛ መልስ» አድርገሽ ብታሠለጥኚው ሞዴሉ ያንኑ ስህተት በታማኝነት ይማርልሻል።

ኤክስፖርት ስታደርጊ ቤዝ ኳንቲቲ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጪ፤ ከሌለ መጠኖቹ ፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አይገቡም፣ ሶፍትዌሩ ከጂኦሜትሪው ራሱ ሊያሰላ ይገደዳል። ሦስት ፎቅ የሚያልፍ ኮለን እንደ አንድ ኤለመንት ተሥሎ ከሆነም በየፎቁ ይቆረጥ፤ አለበለዚያ ሁሉም የታችኛው ፎቅ ላይ ይመዘገባል፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ስትሠሪ ገና ያልተሞላ ኮንክሪት ተሞልቷል ይላል።

ፌሮን ግን ከቢአይኤም ለማውጣት አትድከሚ። አብዛኛው የአርክቴክት ሞዴል ውስጥ ፌሮ የለም፤ «በሜትር ኪዩብ ይህን ያህል ኪሎ» እያሉ መገመት ለበጀት እንጂ ለጥናት አይሆንም። ባር ሼድዩሉን (የፌሮ ዝርዝሩን) ውሰጂ። ክብደቱ ዲያሜትር (በሚሜ) ስኩዌር ሲካፈል ለ162 ነው፤ 12 ሚሜ 0.888 ኪሎ በሜትር፣ 12 ሜትሩ አንድ ቤርጋ 10.66 ኪሎ። ቁፋሮ፣ ድንጋይ ንጣፍ፣ ስክሪድ ሞዴሉ ውስጥ የማይሣሉ ስለሆኑ ከጥናቱ ወሰን ውጭ መሆናቸውን ምዕራፍ አንድ ላይ ጻፊ። ቢኦኪው ሁሉ ከሞዴል ይወጣል ያልሽ እንዳይመስል።

ለማመሳከሪያ አንድ መደበኛ ፎቅ ምረጪና በባትኮዳ (የቀድሞው የሕንፃና ትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ዲዛይን ባለሥልጣን) የመለኪያ ደንብ መሠረት ቴክ ኦፍ ሺት ላይ በእጅ ሥሪው። ሁለት ሰው ለየብቻ ቢሠራው ደግሞ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ታውቂያለሽ፤ ሁለት ባለሙያዎች በሚለያዩበት መጠን ማሽኑን መክሰስ አይገባም።

ዜሮ_ነጥብ

ወደ ፖይንት ክላውዱ ልምጣ። ሁለቱም ምልክቶች ከኮለኑ አይደሉም፤ ከኮኦርዲኔቱ ናቸው።

ደረጃ የሚመስለው የቁጥር ማጠጋጋት ነው። ሰንጋ ተራ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ላይ ምሥራቁ 473,000፣ ሰሜኑ 996,000 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ የፖይንት ክላውድ ፕሮግራም ነጥቡን በ32 ቢት ፍሎት ያስቀምጣል። በ32 ቢት ከ524,288 እስከ 1,048,576 ባለው ክልል ውስጥ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች የሚራራቁት 0.0625 ሜትር ነው፤ ከ262,144 እስከ 524,288 ባለው ደግሞ 0.03125። አንቺ ያየሽው በሰሜን 6፣ በምሥራቅ 3 ሴሜ ልክ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹን ወደ ፕሮግራሙ ከማስገባትሽ በፊት ከምሥራቁ 473,000 ከሰሜኑ 996,000 ቀንሺ። ክላውዱ ከተሠራ በኋላ መቀነስ ዋጋ የለውም፤ የጠፋው ጠፍቷል፣ እንደገና ማሠራት ነው።

የጫፉ 4 ሴሜ ደግሞ የስኬል ጉዳይ ነው። ዩቲኤም በማዕከላዊ ሜሪዲያኑ ላይ 0.9996 ስኬል አለው፤ ማዕከላዊው 39 ዲግሪ ስለሆነ አዲስ አበባ ከሱ ብዙም አትርቅም፣ 0.99961 ገደማ ላይ ነን። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የከፍታው እርማት ሌላ 0.99963 ይጨምራል። ሲባዙ 0.99924። ማለትም መሬት ላይ በሜትር የለካሽው 100 ሜትር በዩቲኤም 99.924 ነው። 48 ሜትርሽ ላይ 3.6 ሴሜ። ሞዴሉ በመሬት ሜትር ነው የተሣለው፤ ነጥቦችሽ በዩቲኤም ሜትር። ወይ ነጥቦቹን ወደ መሬት ሜትር መልሺ (ከአንድ መነሻ ነጥብ ተነስተሽ ለ0.99924 አካፍይ)፣ ወይም ከሥሩ በቶታል ስቴሽን የአካባቢ ግሪድ አስለኪ። ለአንድ ሕንፃ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሰንጋ ተራ በባንኮቹ መስታወት መሃል የጂፒኤስ ሲግናል እየተንጸባረቀ ስለሚያሳስት ለአርቲኬም ምቹ አይደለም።

አይኤፍሲ 4 ላይ «ማፕ ኮንቨርዥን» የሚባል ቦታ አለ፤ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ከፍታ፣ አቅጣጫና ስኬል ይመዘገብበታል። 2ኤክስ3 ላይ ይህ የለም። ከአሮጌ ካርታ ጋር የምታገናኚ ከሆነ ደግሞ ዳተሙን (ኮኦርዲኔቱ የተመሠረተበትን የመሬት ማጣቀሻ) ጠይቂ፤ የአዲንዳንና የደብሊውጂኤስ84 ቁጥሮች ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ ከመቶ ሜትር በላይ ይራራቃሉ።

ክላውዱን ሞዴሉ ላይ ስታሳርፊ አይሲፒ የሚባለውን ማስጠጊያ ብቻ አትመኚ። ኮለኖችሽ በየ5 ሜትሩ እኩል ከተደረደሩ አንድ መስመር ተንሸራትቶም «ገጥሟል» ይላል፤ መደበኛ ፎቆች አንድ ዓይነት ስለሆኑም 4ኛውን ፎቅ 5ኛው ላይ ሊለጥፈው ይችላል። መጀመሪያ በመቆጣጠሪያ ነጥብ አስቀምጪ፣ አይሲፒን ለመጨረሻዋ ሴንቲሜትር ተጠቀሚበት።

ፎቶ ስታነሺ መደራረቡ ከ70 እስከ 80 ከመቶ ይሁን። መስታወትና ውሃ የተኛበት ሶሌታ ነጥብ አይሰጡም ወይም የውሸት ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በውጭ ፎቶዎች የሠለጠኑ ሞዴሎችን ሁሉ የሚያሳስት አለ፦ አጣና። የእነሱ ዳታ ውስጥ መወጣጫ ማለት ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ነው። የኛ ባሕር ዛፍ ጠመዝማዛ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም ቅርፊቱ ያልተላጠ ስለሆነ «ዛፍ» ይለዋል፤ ወይ ደግሞ ሶሌታውን የደገፈውን አጣና ቀጭን ኮለን ያደርገዋል። ለብቻው ክላስ ስጪው። ሌላው፦ ፎርምወርክ የለበሰ ኮለንና የተሞላ ኮለን በጂኦሜትሪ የሚለያዩት በጣውላው ውፍረት፣ በ2 ሴሜ ነው። 5 ሴሜ ስህተት ከፈቀድሽ ክላውዱ «ተሠርቷል» ይላል፣ ውስጡ ግን ገና ፌሮ ነው። ይህን መለየት የሚችለው የፎቶው ቀለምና ገጽታ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አጣምሪ።

ቱምቢ

እግዜር ይስጥልኝ። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድን አውጥቼ በሕንፃ ስከፍለው 97ቱ ወዲያው ወረደ፤ በቢሮ ስከፍለው የደንብ ቤዝላይኑ ከራንደም ፎረስቱ ይሻላል። ለጊዜው እንደ ውድቀት አላየውም።

አሁን ጥያቄዬ፦ የፋሚሊ ስሞቹን ልጣላቸው? አንዱ ቢሮ «ብሎኬት 20» ይላል፣ ሌላው «ኤችሲቢ 200»፣ ሦስተኛው «ግድግዳ-1»። ለትልቅ የቋንቋ ሞዴል ሰጥቼ ባስተረጉመውስ? ሙሉ አይኤፍሲውን ሰጥቼው ቢኦኪው እንዲያወጣ ስሞክር ቆንጆ ሰንጠረዥ ሠራ፤ ቁጥሩ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ፊደል_ቆጣሪ

ስሙን አትጣዪው። ኮንክሪቱ በጥንካሬ ሲ-25 ይሁን ሲ-30 ከቅርጹ አይታወቅም፤ ያለው ስሙና ማቴሪያሉ ላይ ብቻ ነው። ግን አጽጂው። በአማርኛ የተጻፉትን መጀመሪያ ወደ አንድ ፊደል መልሺ፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። «ሕንፃ፣ ህንፃ፣ ሕንጻ፣ ህንጻ» ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያየ ቃል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ የቋንቋ ሞዴሎች የአማርኛ ቃልን ብዙ ቦታ ይቆራርጡታል፤ ሒሳቡም ይወደዳል፣ ስህተቱም ይበዛል።

የቋንቋ ሞዴሉን ሒሳብ አታሠሪው። የሰጠሽ ሰንጠረዥ የተሰላ አይደለም፣ ቢኦኪው የሚመስል ጽሑፍ ነው። ሁለት ሥራ ስጪው፦ አንደኛ፣ ያልተደጋገሙ የፋሚሊ ስሞችን ብቻ (14,000 ሳይሆን ጥቂት መቶ ይሆናሉ) ከተዘጋጀ የመስመር ዝርዝር ውስጥ እንዲመርጥ፤ ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይፈጥር፣ ካላወቀ «አልታወቀም» እንዲል። «ግድግዳ-1» ላይ «አልታወቀም» ካላለ አትመኚው። ሁለተኛ፣ በአይኤፍሲ ኦፕን ሼል (አይኤፍሲ ፋይል በሚያነብ ላይብረሪ) የሚሠራ የፓይተን ኮድ እንዲጽፍልሽ። ቁጥሩን የሚያወጣው ኮዱ ይሁን፤ እሱን ሶሌታ ባለችው የእጅ ቴክ ኦፍ ፈትሺው። የሞዴሉን ስምና ሥሪት፣ የተጠቀምሽበትን ቀን፣ ጥያቄውን ቃል በቃል አባሪ ላይ አስቀምጪ፤ ከስድስት ወር በኋላ ያው ጥያቄ ያው መልስ ላይሰጥ ይችላል።

ለቀጣይ ሞዴሎች ደግሞ አይዲኤስ (ሞዴሉ ምን መረጃ መያዝ እንዳለበት የሚጻፍበት ፋይል) አለ፤ የአይኤፍሲን ደረጃ የሚያወጣው ቢልዲንግስማርት በ2024 እ.ኤ.አ. ሥሪት 1.0ን አውጥቷል። «እያንዳንዱ ግድግዳ ማቴሪያል ይኑረው፣ ውጫዊ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ፋይሉን ኮምፒውተሩ ይፈትሻል። ከቢሮዎቹ ሞዴል ስትቀበዪ አብሮ ቢላክ «ግድግዳ-1» በር ላይ ይመለሳል።

ውሃልክ

ስሙ ላይ ከፊደል_ቆጣሪ ትንሽ እለያለሁ። ስሙ ይግባ፣ ግን ሁለት ሠንጠረዥ ይኑር፤ አንዱ ከስም ጋር፣ አንዱ ያለ ስም፣ ሁለቱም በቢሮ ተከፍለው። ስሙ ሲወጣ ውጤቱ ከተንኮታኮተ ሞዴሉ የተማረው የቢሮውን የስም አሰጣጥ ልማድ ነው፤ ያንን ደግሞ በአንድ ገጽ ደንብ መጻፍ ይቻል ነበር።

ፎቶዎቹን ክላስ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ካፓቸውን (ምን ያህል እንደተስማሙ የሚለካውን ቁጥር) አስሊ። «ፎርምወርክ የለበሰ» እና «የተሞላ» ላይ ሁለት መሐንዲሶች ካልተስማሙ ፎቶው ራሱ መልስ የለውም። የሠራተኞቹን ፊት ከማስቀመጥሽ በፊት አደብዝዢ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይጠይቅሻል። ሳይቱ ላይ ደግሞ ከባለቤቱና ከአማካሪው ደብዳቤ ያዢ። በዚያ ሰፈር ካሜራ ወደ ላይ ስታነሺ ከጎን ያለው ሕንፃ ጥበቃ መምጣቱ አይቀርም።

ቱምቢ

@ዜሮ_ነጥብ፦ 473,000 እና 996,000 ቀንሼ እንደገና አሠራሁት፤ ደረጃው ጠፍቷል። ሰባት መቆጣጠሪያ ነጥብ አለኝ፤ ሰባቱንም ማስተካከያው ውስጥ ላስገባ?

ዜሮ_ነጥብ

አምስቱን ብቻ። ሁለቱን፣ አንዱን ምድር ላይ አንዱን ከላይኛው ፎቅ፣ ለፍተሻ አስቀሪያቸው። ፕሮግራሙ የሚሰጥሽ ስህተት ራሱ ባስተካከለባቸው ነጥቦች ላይ የለካውን ነው፤ ውሃልክ አውጪው ያለሽ 97 ከመቶ በሌላ ልብስ። የፍተሻ ነጥቦቹ ከ2 ሴሜ በላይ ከሳቱ የፎርምወርኩን ጣውላ ከኮንክሪቱ መለየት አትችዪም። የቀነስሻቸውን ሁለት ቁጥሮች ደግሞ ከክላውዱ ጋር በአንድ ፎልደር በጽሑፍ ፋይል አስቀምጪ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።